ባልዲም ባሕር ነው

የዋግ ሰው ውሃን የሚያውቀው በጀርባው ነው። ውሃ ማለት የሚቀዱት፣ የሚሸከሙት፣ ቦኖ ላይ «እኔ ነኝ ቀድሜ የደረስኩ» እየተባባሉ የሚጣሉበት ነገር ነው እንጂ ልብስ አውልቀው የሚገቡበት አይደለም። ከተማችን ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ዝናብ ስትጠብቅ ትከርማለች፤ ዝናቡ ደግሞ ሐምሌንና ነሐሴን ብቅ ብሎ፣ መስከረም ሳይጋመስ «ደኅና ሁኑ» ይላል። ለእንዲህ ያለ አገር ሰው ስለ ዋና ማውራት ለባሕታዊ ስለ ሠርግ ድግስ እንደ ማውራት ነው፤ ያዳምጣል፣ ግን አይመለከተኝም ብሎ ነው።

ዘመኑ የስልክ ነውና ዋናው ራሱ ሰቆጣ ድረስ መጣ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ቪዲዮ ላከችልን። ገና ጥርስ ያላወጣ ልጇን ሰማያዊ ገንዳ ውስጥ በብብቱ ይዛ ወዲያና ወዲህ ታንሳፍፈዋለች። ዙሪያዋን ሌሎች እናቶች የየራሳቸውን ሕፃን ይዘው ይዘምራሉ። አሠልጣኟ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትል ሁሉም ልጆቻቸውን ለአፍታ ድፍቅ አድርገው ያወጣሉ።

እናቴ ስልኩን ተቀብላ አየችና አማተበች።

«በስመ አብ! ይህ ልጅ ክርስትና ተነስቶ የለም እንዴ?»

«ተነስቷል፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምነው እንደገና? ክርስትና እኮ አይደገምም!»

«ክርስትና አይደለም፤ ዋና እያስተማረችው ነው።»

«መቀመጥ ሳይችል?»

ለዚህ መልስ አጣሁ። እሷ ግን አልጨረሰችም፤ «ልጅ እንጂ ዓሣ አልወለድሽም በላት፤ ደግሞ ብርድ እንዳይመታው» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

እናቴ ያለችው ሳቅ ቢያስነሳም ከነገሩ ሩቅ አልነበረም። እኛም ሕፃን ውሃ ውስጥ እንነክራለን። ወንዱ በአርባ ቀኑ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ ካህኑ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ ነክረው ያወጧቸዋል። የደጋ ጠዋት ነው፤ ውሃው ለማንም አያዝንም፤ ልጁ ቅጥሩ እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፤ ዘመድ አዝማድ «ድምፁ ያምራል፣ ዲያቆን ይወጣዋል» ይላል። ለአብዛኛው የዋግ ልጅ የመጀመሪያው የዋና ትምህርት ይኸው ነው፤ ለብዙዎቻችን የመጨረሻውም እሱ ሆኖ ቀርቷል።

በዚያ ሥርዓት ላይ ግን አንድ የሚያስቀና ነገር አለ። የካህኑ እጅ ከልጁ አይለቅም። የክርስትና አባት ወይም እናት ነጠላ ዘርግተው ይጠብቃሉ። የእናት፣ የአያት፣ የዲያቆን ዓይን ሁሉ ልጁ ላይ ነው። በዚያች ሰዓት ስልክ የሚነካካ፣ «ሽሮው እንዳያር» ብሎ የሚሮጥ፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ያዙልኝ» ብሎ የሚወጣ ሰው የለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ለወላጆች የሚሰጠው ትልቁ ምክርም ከዚህ አያልፍም፤ ትንሽ ልጅ ውሃ ውስጥ ወይም ውሃ አጠገብ ካለ፣ አዋቂው ክንዱን ዘርግቶ ሊይዘው በሚችልበት ርቀት ይሁን ነው የሚሉት። እኛ ይህን ምክር በአርባው ቀን በትክክል ፈጽመን በአርባ አንደኛው እንረሳዋለን።

አሜሪካኖች ልጅ የሚደፍቁት ቅንጦት ስላማራቸው ብቻ እንዳልሆነ ለእናቴ ማስረዳት ነበረብኝ። በዚያ አገር ከአንድ እስከ አራት ዓመት ባለው ዕድሜ ብዙ ልጅ የሚገድለው ውሃ ነው። ጓሮው መዋኛ ነው፣ ሠፈሩ መዋኛ ነው፣ ሆቴሉ መዋኛ ነው። ስለዚህ የሕፃናት ሐኪሞቹ ልጅ ከአንድ ዓመቱ ጀምሮ ዋና ቢማር የመስጠም አደጋው ሊቀንስለት ይችላል ይላሉ። ከአንድ ዓመት በታች ላለው ግን ትምህርቱ ከመስጠም እንደሚያድን ማስረጃ የለም። የእህቴ ልጅ ስድስት ወር ያልሞላውን ይዛ የገባችው ለመዝሙሩና ለፎቶው ነው ማለት ነው። ይህን ስነግራት ደስ አላላትም፤ ክፍያውን አስቀድማ ፈጽማለች።

«ሲነክሩት እኮ ትንፋሹን ይይዛል፤ እግሩንም ያንቀሳቅሳል!» ብላ ተከራከረችኝ። እውነት ነው። ጥቂት ወር የሆነው ሕፃን ፊቱን ውሃ ሲነካው ትንፋሹ በራሱ ይዘጋል፤ እጅና እግሩም ይንቀሳቀሳል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሚርትል ማክግሮው እ.ኤ.አ. በ1939 ይህን ነገር በሕፃናት ላይ አጥንታ ጽፋለች። ነገር ግን ያ ዋና አይደለም፤ ጣት መዳፉ ላይ ሲያስቀምጡለት ጭብጥ እንደሚያደርገው ሁሉ ሳያስብ የሚያደርገው ነው። ራሱን ቀና አድርጎ መተንፈስ አይችልም። ጥቂት ወራት ሲቆይ ያም ይጠፋል። ተፈጥሮ ለሙከራ ሰጥታ መልሳ የምትወስደውን ችሎታ «ልጄ ዋናተኛ ነው» ብሎ መተማመን አይገባም።

እስቲ ያንን ገንዳ ሰቆጣ እናምጣው ብለን እናስብ። ርዝመቱ አሥር ሜትር፣ ስፋቱ አምስት፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ቢሆን 50 ሺህ ሊትር ይይዛል። በሀያ ሊትር ጀሪካን 2,500 ጀሪካን ነው። አንዲት አህያ አራት ጀሪካን ብትጭን 625 ምልልስ ይሆናል። ለሕፃን ደግሞ ውሃው ወደ 32 ዲግሪ መሞቅ አለበት፤ ስለዚህ እንጨት ፍለጋ ይቀጥላል። ይህ ሁሉ አልፎ ገንዳው ቢሞላ እንኳ፣ በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ከሕፃናቱ በፊት የሚደርሱት እናቶች ናቸው፤ እነሱም ጀሪካን ይዘው። ከሰዓት በኋላ ገንዳው ባዶ፣ ሠፈሩ ግን ልብስ አጥቦ፣ ጠላ ጠምቆ ያድራል።

ይህን ስንጫወት የሰሙ ጎረቤታችን ጋሼ ነገሩን ሊዘጉት ፈለጉ። «እኛን ውሃ ማጣት እንጂ ውሃ መች ገድሎን ያውቃል? ይህ የነሱ በሽታ ነው» አሉ። ጋሼን እወዳቸዋለሁ፤ በዚህ ግን ተሳስተዋል። ውሃ ማጣትና በውሃ መሞት የሚቃረኑ ነገሮች ይመስላሉ እንጂ አንድ ቤት ውስጥ አብረው የሚኖሩ ናቸው።

ቧንቧው ሌት ተቀን የሚፈስለት ሰው ውሃ አያስቀምጥም፤ ሲፈልግ ከፍቶ ሲበቃው ይዘጋል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣለት ሰው ግን በመጣ ጊዜ ያለውን ዕቃ ሁሉ ይሞላል። በርሜሉ፣ ባልዲው፣ ሳፋው፣ ጋኑ፣ አንዳንዴም የቡና ጀበናው ሳይቀር ይሞላል። በሰቆጣ ውሃ በመጣ ማግሥት ማንኛውም ግቢ ቢገባ ወለሉ ላይ የተደረደረ ክፍት ውሃ ይታያል። በዚያው ወለል ላይ ደግሞ ገና መዳህ የጀመረ፣ ያየውን ሁሉ ሊይዝ የሚፈልግ ሕፃን ይንቀሳቀሳል። ድርቁ ራሱ ቤታችንን ሐይቅ አድርጎታል።

ባልዲ ደግሞ ለአንድ ዓመት ልጅ ተራ ዕቃ አይደለም። በዚያ ዕድሜ የልጅ ራስ ከሌላው ሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ከባድ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ውስጡን ሲያይ ጭንቅላቱ ቀድሞ ይገባል፤ እጁም ራሱን ገፍቶ የሚያነሳበት ጉልበት የለውም። አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ውሃ ካለ፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ቢሆንም ይበቃል። እንዲያውም የሚያስፈራው ዝምታው ነው። በፊልም ላይ የሚሰጥም ሰው እጁን እያወራጨ «ድረሱልኝ!» ይላል፤ ሕፃን ግን አይጮኽም፣ አይንቦጫረቅም። እናት ጓዳ ገብታ ጨው ይዛ እስክትመለስ ያልቃል። አባቶች ክፉ ሰውን «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» ይሉታል፤ ልጅን ሲወስድ ግን ሳቁም አይሰማም።

ከደጃፍ ወጣ ስንል የውሃ ማቆሪያ ጉድጓዶች አሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራና በትግራይ ገበሬው የክረምቱን ጎርፍ ለበጋ እንዲያስቀምጥ ተብሎ በዘመቻ ሲቆፈሩ፣ ብዙዎቹ ውሃው እንዳይሰርግ ላስቲክ ተነጠፈባቸው። ላስቲኩ ውሃውን ይይዛል፤ ተንሸራቶ የገባን ልጅም እንዲሁ ይይዛል። እርጥብ ላስቲክ ላይ እግር አይቆምም፣ እጅ የሚጨብጠው የለም። ዋና የሚችል አዋቂ እንኳ ያለ ገመድ ለመውጣት ይቸገራል። አንድ አጋም ተቆርጦ ዙሪያውን ቢታጠር፣ አንድ ገመድ ካስማ ላይ ታስሮ ወደ ውስጥ ቢንጠለጠል፣ ከመዋኛ ትምህርት ቤት የሚያንስ ሥራ አይሠራም።

ወንዞቻችን ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። ዘጠኝ ወር አሸዋና ጠጠር ናቸው፤ ልጆች ይጫወቱባቸዋል፣ ፍየል ይሻገርባቸዋል። በክረምት ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ ከታች ፀሐይ እየወጣ፣ ደራሽ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው የሚጨፍሩበት ነሐሴ፣ ወንዞቹም የሚጨፍሩበት ወር ነው። ጉልበት ድረስ የሚደርስ ፈጣን ውሃ አዋቂን ይጥላል፤ እረኛ ልጅን ደግሞ ሳይጠይቅ ይዞት ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ ተከዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ግንባታው ያለቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመት አለው፤ ከኋላው ከዘጠኝ ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ መያዝ የሚችል ሐይቅ ተኝቷል። ያ ሐይቅ እስከ አበርገሌና ዝቋላ ይደርሳል። በአንድ ትውልድ ውስጥ በጀሪካን የሚኖር ሕዝብ ባለ ሐይቅ ሆነ። ወጣቱ መረብ ገዛ፣ ጀልባ ላይ ወጣ፣ የተከዜ ዓሣ ሰቆጣ ድረስ መጣ። ዓሣ መብላት ፈጥነን ተማርን፤ ዓሣው የሚያውቀውን ነገር መማሩ ግን ቀረ። ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ሳያደርጉ መቀመጥ ገደል አፋፍ ላይ መተኛት መሆኑን ለተራራ ሰው ማስረዳት ከባድ ባልሆነ ነበር።

አያቶቻችን ታዲያ ልጅን ከውሃ የሚጠብቁት በምን ነበር? በጋኔን። «ቀትር ላይ ወንዝ አትውረድ፣ የውሃ ጋኔን አለ» ይባላል። ያ ጋኔን በዘመኑ ደመወዝ ያልተከፈለው የጥበቃ ሠራተኛ ነበር፤ አንዲት እናት ስድስት ልጅ ስታሳድግ ወንዙን፣ ኩሬውንና ጉድጓዱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠብቅላታል። ችግሩ ጋኔኑ ሥራውን የሚለቅበት ዕድሜ መኖሩ ነው። ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው ከታላላቆቹ ጋር ወንዝ ይወርዳል፤ ጋኔኑ እንደሌለ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ምንም የሚያስፈራው ነገር አይኖርም። ፍርሃት ከሄደ በኋላ የሚተካው ችሎታ አልተሰጠውም።

ችሎታውን የሚሰጡት ታላላቆቹ ናቸው። መስከረም ሲጠባ እረኞች ወንዙን በድንጋይና በሣር ገድበው ኩሬ ይሠራሉ። የማስተማሪያ ዘዴያቸው አንድ ብቻ ነው፤ ከኋላ መጥቶ መግፋት። ተማሪው ከወጣ አልፏል። ይህ ትምህርት ቤት ደግሞ ሴት ልጅ አይቀበልም። ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ስትቀዳ የምትውለው፣ ምንጭና ወንዝ ዳር ከሁሉም በላይ የምትቆመው እሷ ሆና ሳለ፣ «ሴት ልጅ ምን ልብሷን አውልቃ…» ተብላ ሳትማር ታድጋለች። ውሃው ግን ወንድ ሴት ብሎ አይለይም።

በአገር ደረጃም ከዋና ጋር እንዴት እንደሆንን የታየበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ሮቤል ኪሮስ የሚባል ዋናተኛችን በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ተወዳደረ። ሰዓቱ 1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 መቶኛ ሰከንድ ሆኖ ተመዘገበ፤ ከ59 ተወዳዳሪ 59ኛ ወጣ። ዓለም አጨበጨበለት፤ አገር ቤት ደግሞ በሰውነቱ ውፍረት ተቀለደ፣ አባቱ የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት መሆናቸውም ሌላ ወሬ ሆነ። ስለ ምርጫው የሚወቅስ ይውቀስ። ስለ ዋናው ግን፣ ከሳቁት መካከል መቶ ሜትሩን ጨርሶ በራሱ እግር ከገንዳው የሚወጣ ስንቱ ነበር? ውሃ ላይ መቶ ሜትር ሄዶ በሕይወት መውጣት በዋግ ሚዛን ወርቅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የመስጠምን ጉዳይ አጥንቶ የደረሰበት ነገር ከእናቴ ጋር ብዙ አይለያይም። እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2021 ብቻ ወደ 300 ሺህ ሰው ሰጥሞ እንደሞተ ገምቷል፤ ከአራቱ አንዱ ለመሆን ትንሽ የቀረው ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነው፤ አብዛኛው ሞትም የደረሰው መዋኛ በሞላበት ሳይሆን እንደኛ ባለ አገር ነው። ድርጅቱ ዋና ማስተማርን የሚመክረው ከስድስት ዓመት ጀምሮ ላለ ልጅ ነው። ከዚያ በታች ላለው የሚመክረው ክዳን፣ አጥርና ጠባቂ ነው። ባንግላዴሽ ይህን በተግባር አሳይታለች፤ አንቻል በሚባሉ የመንደር መዋያዎች እናቶች ሥራ በሚበዛባቸው የጠዋት ሰዓታት ትንንሾቹን አንዲት የሠፈር ሴት ሰብስባ ትጠብቃለች። ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ የሚሰጥመው ልጅ ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ዘዴው የሚጠይቀው አንድ ክፍል፣ አንድ ምንጣፍና ዓይኗን የማትነቅል አንዲት ሴት ነው።

ይህ ለዋግ እንግዳ አይደለም። እናቶች ሴፍቲኔት ሥራ ላይ እርከን ሲሠሩ፣ ከሴቶቹ አንዷ ከዛፍ ሥር ተቀምጣ የሁሉንም ልጅ ብትጠብቅ እንደ ሥራ ይቆጠርላት የሚል ሐሳብ በፕሮግራሙ ውስጥ አለ። የሚያስፈልገው በየቦታው መፈጸሙ ነው።

ለታላላቆቹም ያለንን ዕቃ እንጠቀም። ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ የሀያ ሊትር ጀሪካን ወደ ሀያ ኪሎ ያህል ክብደት ውሃ ላይ አንሳፍፎ ይይዛል፤ አንድ ሰው አቅፎት ራሱን ከውሃ በላይ ለማቆየት ይበቃዋል። ዕድሜያችንን ሙሉ የተሸከምነው ጀሪካን አንድ ቀን ተራውን ይሸከመናል ማለት ነው። የዋግ ወንድ ከእጁ የማይለየው ዱላም አለ። ሰው ሲሰጥም ዋና የማይችል ሰው ዘሎ ከገባ ለቅሶው ሁለት ይሆናል፤ ዱላ ማቀበል፣ ጋቢ ወይም ገመድ መወርወር ግን ማንም ይችላል። ዱላችን ከኖረበት ሥራ ሁሉ የሚያስመሰግነው ይህ ነው።

የሰጠመ ልጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ በእግሩ ዘቅዝቀው የሚያራግፉት አሉ፤ የማይጠቅምና ጊዜ የሚያባክን ነው። የሚጎድለው አየር ነው። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝቶ፣ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ሕፃን ከሆነ አፉንና አፍንጫውን አንድ ላይ በአፍ ሸፍኖ ቀስ ብሎ አምስት ጊዜ መተንፈስ፤ ካልነቃ መሐል ደረቱን 30 ጊዜ ተጭኖ ሁለት ጊዜ መተንፈስ፣ ጤና ተቋም እስኪደርስ ይህንኑ መደጋገም። ይህን በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለእናቶች ቢያሳዩ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

የከተማችን ስም የሕፃናት ቃል ኪዳን ስም ሆኗል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ቃል ሲገባ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሰየመው። ያ ቃል ልጆቻችን በልተው እንዲያድጉ ነው። በልቶ ያደገ ልጅ ባልዲ ውስጥ እንዳይቀር ማድረግ ግን አዋጅ አይጠይቅም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስታነብ ውሃ የመጣበት ቀን ከሆነ፣ ተነሣና በርሜሉን ክደን፤ የቀረውን ነገ ታነበዋለህ።